ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ጎንደር ላይ፦ በሚኒሞ ይንዘፈዘፋል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል፣ ይሞቃል

የአዘዞ ዳገት (ጠያቂ)

እንዴት ሰነበታችሁ ወንድሞች፣ እህቶች። ጎንደር ውስጥ ስላለ አንድ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ምክር ፈልጌ ነው። ሊብሬው 1971 ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሞተሩ 1608 ሲሲ፣ ቫልቮላ የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት (ዘንጎች) ከላይ፣ ሁለት ዌበር 40 አይዲኤፍ ካርቡራተር፣ ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው። ለዓመታት ቆሞ ነበር። አሁን ባትሪ፣ የሞተር ዘይትና ካንዴላ ተቀይሮለት ይነሳል፣ ይሄዳልም፤ አካሄዱ ግን ልክ አይደለም።

በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ይንዘፈዘፋል፤ አንዱ ሲሊንደር የሌለ ያህል ነው። ከ2,500 ዙር ሲያልፍ ግን አራቱም ይገባሉ። ካንዴላ ሲፈታ ሦስቱ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል፣ የሁለተኛው ሲሊንደር ግን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። የቤንዚን ሽታው መቀመጫ ድረስ ይገባል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ በሦስተኛ ማርሽ አይጎትትም፣ ሙቀት መለኪያውም ቀዩ ጋ ይደርሳል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው። ቴርሞስታቱ «ለአገራችን አይጠቅምም» ተብሎ ወጥቷል። ፍሬኑ ይይዛል፣ እግር ሲነሳለት ግን ቶሎ አይለቅም።

ሁለቱን ካርቡራተር አውጥቶ አንድ የላዳ ካርቡራተር መግጠም ይሻላል የሚል ምክር ተሰጥቶኛል። ሌላው ደግሞ «ከፍታ ነው፣ ምንም አይደረግም» ይላል። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው የታይሚንግ ቤልት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው የለም። መኪናው ሲድን ደባርቅ ድረስ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?


ቁልፍ 38

ወንድሜ፣ ስለ ታይሚንግ ቤልቱ ካልከው ጀምር። ቤልቱ ዕድሜው ካልታወቀ ያንን ሞተር ዛሬ ማስነሳት የለብህም። ይህ ሞተር ኢንጂነር ላምፕሬዲ የነደፈው ነው። በ1966 ቶሪኖ ላይ መኪናው ሲታይ አብዛኞቹ ሌሎች ካምሻፍት በሰንሰለት ሲያዞሩ እሱ በጥርሳም ጎማ ቤልት ነበር የሚያዞረው። ጎማ ደግሞ መኪና ቆሞም ያረጃል። እንዲያውም ቆሞ የከረመ ቤልት ይብሳል፤ ፑሊው ላይ ታጥፎ በቆየበት ቦታ ይሰነጠቃል። 1608ቱ ላይ ቤልት ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ቫልቮላ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ከዚያ በኋላ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ፣ የተጣመመ ቫልቮላ መፈለግና ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ብረት የሚሞርድ ማሽን ቤት) መመላለስ ነው።

ሥራው የአንድ ቀን ነው። ባትሪውን ፍታ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ ቤልቱ እንዲታይ ሽፋኑን ክፈት። ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ፊት ለፊት ባለው ዳዶ በ38 ቁልፍ አዙር፤ ሁልጊዜ በሰዓት አቅጣጫ ብቻ። በካምሻፍት ፑሊ ይዘህ ሞተር አታዙር። የኮሎው ፑሊ ምልክት ዜሮው ላይ ሲደርስ የሁለቱም ካምሻፍት ፑሊዎች ነጥብ መሃል ካሉት ጠቋሚዎች ትይዩ መሆን አለበት። ነጥቦቹ በተቃራኒው በኩል ካሉ ኮሎውን አንድ ሙሉ ዙር ጨምርለት፤ ካምሻፍት የሚዞረው በኮሎው ግማሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛውን ፑሊ ነው፤ ከታች በጎን ያለውን ትንሹን ዘንግ የሚያዞረውን። የዘይት ፖምፓው በዚያ ዘንግ ነው የሚሠራው። የቤንዚን ፖምፓውን የሚገፋው እብጠትም እዚያው ዘንግ ላይ ነው። ቤልት ተፈትቶ ያ ዘንግ ከቦታው ከዞረ እብጠቱ የሁለተኛውን ሲሊንደር ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘውን ዘንግ) ሊመታ ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ቤልት ከመውጣቱ በፊት በፑሊውና ከጀርባው ባለው ብረት ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምር፣ አዲሱን ስታስገባ መስመሩ እንደተገጠመ ይሁን። በእጅ ስታዞር አንድ ቦታ ላይ ብረት ብረት ካለህ ቁም። በጉልበት አትግፋ።

ወጣሪው በሞላ ነው የሚሠራው፤ ዳዶውን አላልተህ ሞላው ራሱ እንዲስብ ተወው። ኮሎውን በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር፣ ምልክቶቹን እንደገና እይ፣ ከዚያ አጥብቅ። ረጅሙን የቤልት ክፍል በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዘህ ስትጠመዝዘው ሩብ ዙር ያህል መዞርና እዚያ መገተር አለበት። ከዚያ በላይ ከዞረ ላልቷል፤ ሩብ ዙር ካልደረሰ ተወጥሯል፣ ሲነሳም ያፏጫል። የወጣሪውን ኩሽኔታ አብረህ ቀይር። የካምሻፍትና የኮሎ የፊት ኦይል ሲሎችንም አብረህ ቀይር፤ ዘይት የነካው ቤልት ዓመት አይቆይም። አንዴ የወጣ ቤልት ደግሞ አይመለስም፤ አዲስ ቢመስልም። ከዚያ ወዲህ በየ40,000 ኪ.ሜ ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ ቀድሞ በመጣው።

በዚያው የካምሻፍቶቹን ክዳኖች ከፍተህ የቫልቮላ ክፍተት ለካ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የካሙ ሹል ወደ ላይ ሲሆን። ማስገቢያው 0.45 ሚ.ሜ፣ ማስወጫው 0.50 ሚ.ሜ ነው። የሚስተካከለው በብሎን ሳይሆን በክብ ሺም (ስስ የብረት ሳህን) ነው። ክፍተቱ ከጠበበ የማስወጫ ቫልቮላ ይቃጠላል፤ ትንሽ ሰፍቶ ቢንኳኳ ይሻላል። ቀጭን ሺም ካጣህ ወፍራሙን ሬቲፊካ ቤት በልክ ይሞርድልሃል፤ የተሞረደው ፊት ወደ ታች፣ ያልተነካው ወደ ካሙ ይሁን።

ካንዴላ ሳትመልስ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ አዙረው። ከዚያ በኋላ ስለ ካርቡራተር እናውራ።


ጂግለር

ከላይ የተባለው ይቅደም፣ አልጨምርበትም። የቀረውን በተራ እንየው፤ ምክንያቱም ጎንደር ላይ የመኪና ሕመም ሁሉ «ከፍታ ነው» ይባልና የሚታከመው ሳይታከም ይቀራል።

ከፍታው ስንት ይወስዳል? ከተማው 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን 78 ከመቶ ያህል ነው። ፋብሪካው 110 ፈረስ ያለው ሞተር እዚህ 85 ገደማ ነው የሚሰጠው። ይህ አይመለስም፣ ተቀበለው። ነገር ግን 85 ፈረስ ያለው ቀላል መኪና የአዘዞን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እየዘፈነ ይወጣል። ካልወጣ ሌላ ነገር አለበት ማለት ነው።

አንደኛ ብልጭታ። ፑንቲናው (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚያስነሳው መገናኛ ብረት) ተቃጥሎ ጉብታና ጉድጓድ ካወጣ አትሞርደው፣ ቀይረው፤ ክፍተቱ 0.40 ሚ.ሜ። ኮንደንሰሩን አብረህ ቀይር። የካንዴላ ክፍተት 0.6 ሚ.ሜ። የቃጠሎ ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ብልጭታው መቼ እንደሚመጣ የምታየው በፊት ሽፋኑ ላይ ባሉት የ0፣ የ5 እና የ10 ዲግሪ ምልክቶች ነው። በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት አንቲቺፖ (ብልጭታውን ማስቀደም) የሚጨምሩ ትንንሽ ክብደቶች ቆሞ በከረመ መኪና ይደርቃሉ። ሮተሩን በእጅህ ጠምዝዘህ ልቀቀው፤ ወዲያው ካልተመለሰ ክብደቶቹ ተጣብቀዋልና አጽዳቸው፣ አንድ ጠብታ ዘይት ስጣቸው። የታፈነ ዳገት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ዙር ሲጨምር ብልጭታው ቀድሞ መምጣት ሲገባው ባለበት ይቀራል። ሁሉም ልክ ከሆነ በኋላ ለዚህ ከፍታ ሁለት ሦስት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ አያንኳኳም። በአራተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ረግጠህ የጠጠር ድምፅ ካሰማ መልሰው።

ሁለተኛ የሚኒሞ ጂግለር፤ ጂግለር ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ትንሽ ነሐስ ነው። ንጹሑ ካንዴላ ራሱ ነግሮሃል፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በሚኒሞ ቤንዚን አያገኝም። የአይዲኤፍ የሚኒሞ ጂግለር ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከታንከር የመጣ አንዲት የዝገት ቅንጣት ትዘጋዋለች። ከ2,500 ዙር በላይ ዋናው ጂግለር ስለሚረከብ አራቱም ይገባሉ። መያዣው ከካርቡራተሩ ጎን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይፈታል። ጂግለሩን ወደ ብርሃን አንስተህ እይ፤ ክብ ነጥብ ካልታየ ተዘግቷል። በኮምፕሬሰር አየር ንፋው፣ ካልሆነ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ግፋው። በሽቦ አትንካው፤ ነሐስ ስለሆነ ይሰፋል፣ ከሰፋ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። አራቱንም አንድ ላይ አጽዳ። ከፖምፓው በፊት አዲስ ፊልትሮ አስገባ፤ ታንከሩንም አውርደህ እጠበው፣ አለዚያ በሳምንቱ ይደገማል።

ሦስተኛ የቤንዚን ሽታና ጥላሸት። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን በመርፌ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ስንት ላይ እንዳለ ለካ። የካርቡራተሩን ክዳን በቁም ይዘህ ተንሳፋፊው መርፌውን ሳይጫን ሲነካው፣ ከጓርኒሲዮኑ (ከማሸጊያው) እስከ ተንሳፋፊው 10 ሚ.ሜ መሆን አለበት። ተንሳፋፊውን አራግፈው፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል። የመርፌው ጫፍ ቀለበት ካወጣ ቀይር። አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ገጥሞበት ከሆነ ግፊቱን እይ፤ እነዚህ ካርቡራተሮች ከ0.25 ባር በላይ አይወዱም፣ መርፌውን አሸንፎ ያጥለቀልቃል።

ዋናውን ጂግለር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የምትነካው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ እዚህ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፉ በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ በዚህ የተነሳ ድብልቁ በ10 ከመቶ ገደማ ይወፍራል። የቀዳዳው ስፋት በ10 ከመቶ እንዲቀንስ ዲያሜትሩ በ5 ከመቶ መቀነስ አለበት። ጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚ.ሜ ነው። ስለዚህ 125 ካለህ 120፣ 120 ካለህ 115 ግጠም። አራት አንድ ዓይነት። የሚኒሞውን አትቀይር፤ ልዩነቱን የድብልቅ ብሎኑ ይሸፍነዋል። አሮጌዎቹን ጂግለሮች አትጣል፣ በጨርቅ ጠቅልለህ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ። ወደ መተማ ቆላ የወረድክ ቀን ትንንሾቹ ድብልቁን ያቀጥኑታል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይሞቃል።

መጨረሻ ላይ ሁለቱን ካርቡራተር ማስማማት። የድብልቅ ብሎኖቹን በቀስታ እስከ መጨረሻው አስገባ፤ ካጠበቅከው መቀመጫውን ይሰነጥቃል። ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ዙር ተኩል መልስ። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ግማሽ ሜትር የጎማ ቱቦ ይበቃል፤ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን በእያንዳንዱ አፍ ላይ በእኩል ርቀት ይዘህ ሽውታውን አዳምጥ። ከፍ ብሎ የሚያፏጨው ብዙ አየር የሚስበው ነው። ሁለቱን በሚያያይዘው ዘንግ ብሎን እኩል አድርጋቸው፣ ሚኒሞውን 850 ላይ አውለው። ከዚያ የድብልቅ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሩብ ሩብ ዙር እየነካህ ሞተሩ በጣም ለስላሳ የሚሆንበትን ፈልግ። ይህ የሚሠራው ሞተሩ ሲሞቅ ነው።

የላዳ ካርቡራተር አትግጠም። የሚቀመጥበትን መሠረት ቀይረህ፣ ትንፋሹን አሳንሰህ፣ ያው የቆሸሸ ታንከርና የደረቀ አንቲቺፖ ይዘህ ትቀራለህ። በዚያ ላይ የወጡት ሁለቱ ዌበሮች ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላ ሲሉ ይጠፋሉ፤ መኪናውን ከተራ ፊያት የለየው ደግሞ እነሱ ናቸው።


ላዳ ቤት

ስለ ሙቀቱ። ቴርሞስታቱን መልስ። «አገራችን አይጠቅምም» የሚባለው በሌላ ዓይነት ቴርሞስታት ላይ ቢሠራም ባይሠራም፣ እዚህ ላይ ግን ጉዳት ነው። የዚህ መኪና ቴርሞስታት ሦስት አፍ ያለው፣ በጎማ ማኒኮቶዎች (የውሃ ቱቦዎች) መካከል የሚንጠለጠል ነው። ሥራው ሁለት ነው፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ይከፍታል፣ በዚያው ጊዜ ከቴስታታ ተመልሶ ወደ ውሃ ፖምፓው የሚገባውን አቋራጭ ይዘጋል። ሆዱ ሲወጣ አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል። ግማሹ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ይሽከረከራል። ስለዚህ ጠዋት አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይፈላል። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አፍላው፤ 80 ከምናምን ዲግሪ ላይ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል።

ሁለተኛው የራዲያተር ክዳን ነው። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ነው እንጂ በ100 አይደለም። የኤሌክትሪክ ቬንቲላተሩ (ማራገቢያው) የሚነሳው 90 ዲግሪን አለፍ ሲል መሆኑን አስብ። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቬንቲላተሩ ገና ሲነሳ ውሃው እየፈላ ነው። 0.8 ባር የሚይዝ ክዳን ግን የመፍያውን ነጥብ እዚህ ከፍታ ላይ 113 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። የክዳኑን ጎማ እየው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ቀለበት ከሠራ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቀይረው።

ሦስተኛ፣ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው፤ ሁለቱ በተራ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የጓርኒሲዮኑ ዳር ይቦረቦራል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል አድርግ፤ ሁሉም 7 ሊትር ተኩል ገደማ ይወስዳል። ስትሞላ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁመው፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ክፈት፣ በቀስታ አፍስስ፣ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጅህ እየጨመቅህ አየሩን አስወጣ። ግማሽ ሊትር አየር ቴስታታ ውስጥ ከቀረ መለኪያው ሊዋሽህ ይችላል፤ አየር ውስጥ የተንጠለጠለ ሴንሰር ሙቀት አያነብም።

ከላዳ ምን ይሆናል ለሚለው፦ ላዳ ከ1970 ጀምሮ የተሠራችው ከፊያት 124 ሴዳን ላይ ተነስታ ነው፤ ግን ስፓይደር ሴዳን አይደለም። የጎማ ብሎኖቹ ያው ናቸው፤ 12 ሚ.ሜ ውፍረት፣ 1.25 ፒች (የጥርስ ርቀት)። የቸርኬው ቀዳዳም ያው 4 በ98 (አራት ቀዳዳ በ98 ሚ.ሜ ክብ ላይ) ነው። ከሞተሩ ግን ምንም አትጠብቅ፤ የላዳ ሞተር አንድ ካምሻፍት፣ በአብዛኛው በሰንሰለት ነው። የኋላ ፍሬኗም ታምቡር ነው፣ ያንተ አራቱም ዲስክ ነው። የፊት እግር ዕቃ ስትፈልግ አሮጌውን ፈተህ በእጅህ ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አድርገህ በመለኪያ ካሊፐር ለካ። «የላዳ ይገባል» የሚል ቃል ብቻ ይዘህ ብር አትክፈል።


የአዘዞ ዳገት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤልቱ ወጣ፤ ጀርባው ላይ ሦስት ስንጥቅ አለው፣ የካምሻፍቱ ሲልም ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። የሁለተኛው ሲሊንደር የሚኒሞ ጂግለር ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተገኘ። ዋናዎቹ ላይ የተጻፈው 125 ነው፣ 120 እየተፈለገ ነው።

የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የፍሬኑ ነገር፣ እና ጎማ። አንድ ሰው የቶዮታ 13 ኢንች ቅይጥ ቸርኬ በጥሩ ዋጋ አቅርቦልኛል፤ ብሎኑ ይገባል። ሊማሊሞ መውረድስ ይቻላል?


ፓስቲሊያ

ቸርኬውን አትግዛ። የብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች ቸርኬ 4 በ100 ነው፣ ያንተ 4 በ98። የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ የመጀመሪያው ብሎን በሰላም ይገባል፣ ሌሎቹ ግን ጎናቸውን ተደግፈው ነው የሚጠብቁት። ሾጣጣው የብሎን ራስ መቀመጫው ላይ አያርፍም። ሃምሳ ኪሎሜትር ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። ጎሚስታው «ገብቷል» ቢልህም አልገባም። የራሱን ብረት ቸርኬ አስተካክለህ 165 ስፋት ያለው 13 ኢንች ጎማ ግጠም። ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ አጥብቅ፣ ከ50 ኪ.ሜ በኋላ ደግመህ ንካቸው።

ፍሬን ቶሎ አለመልቀቁ ቆሞ በከረመ መኪና ላይ በብዛት የሚመጣው ከጎማ ቱቦዎቹ ነው። ከውጭ ደህና ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን አብጦ ጠቧል። እግር ሲረግጥ ግፊቱ ያሸንፋል፣ ሲነሳ ግን ዘይቱን የሚመልሰው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ይዘገያል። እንዲህ ለየው፦ መኪናውን በክሪክ አንሳ፣ ፍሬን አስረግጠህ አስለቅቅ፣ ጎማው እንደተያዘ ከቀረ የካሊፐሩን (ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘውን የፍሬን ክፍል) ማስተንፈሻ ክፈት። ዘይት ፈንጠቅ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ ቱቦው ነው (አራቱም ጎማ እንዲህ ከሆኑ ግን ማስተሩን፣ ፔዳሉ የሚገፋውን ዋናውን የፍሬን ፖምፓ፣ እይ)። ተከፍቶም ካልተለቀቀ የካሊፐሩ ፒስተን ዝጓል፤ አውጣው፣ በደቃቅ ሸራ ወረቀት አጥራው፣ ጎሚኒውን (የጎማ ማሸጊያውን) ቀይር። ዝገቱ ጎድጓዳ ካወጣ ግን ማጽዳት አያድነውም። ቱቦዎቹን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይር፤ አንዱ ካበጠ የቀሩትም በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው።

የኋላውን ፓስቲሊያ (ዲስኩን የሚያሻሸውን የፍሬን ሸማኔ) ስትቀይር ፒስተኑን በፒንሳ ወደ ውስጥ አትግፋ። የእጅ ፍሬኑ ዘዴ እዚያው ውስጥ ስላለ ፒስተኑ እየዞረ ነው የሚገባው። ከገፋኸው ውስጡ ይሰበራል። ከኋላ አክሱሉ አጠገብ በዘንግ የተያያዘ የግፊት ማከፋፈያ አለ፤ እሱ ከደረቀ ወይ የኋላው አይይዝም ወይ ቀድሞ ይነክሳል። ዘንጉን በእጅህ አንቀሳቅሰው። ዘይቱ ዶት 4 ይሁን፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ውሃ የጠጣ የፍሬን ዘይት ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ከላይ ላዳ ቤት እንዳለው ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ሁሉም ፈሳሽ ቀድሞ ይፈላል።

ደባርቅ 100 ኪ.ሜ ገደማ ነው፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል። አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ላይ ከጎንደር የበለጠ ከፍታ ስላለ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ማርሽ ቀንስ እንጂ አትርገጠው። ሊማሊሞ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቀየሰው ጠመዝማዛ ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቱቦዎቹና ፓስቲሊያዎቹ አዲስ ሳይሆኑ አትሞክረው። ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝህ። ፍሬኑን እያሻሸህ አትቆይ፤ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፣ ዲስኩ ይተንፍስ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆመህ ጠብቅ፣ ውሃ አታፍስስበት፤ ትኩስ ዲስክ ይጣመማል። ሽቅብ ስትመለስ ደግሞ ከቆምክ በኋላ አልነሳ ካለ ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ተኖ ይሆናል። ኮፈኑን ክፈት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቅ፣ ባትሪውን በከንቱ አትጨርስ።


ባትላሜራ

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ደባርቅ ከማሰብህ በፊት መኪናውን አንስተህ ከሥር እይ። የዚህ ስፓይደር ዝገት የሚገድለው በሩ ላይ ያለው አይደለም። የፊት ሾካብዞርበር የሚታሰርበት የውስጥ ግድግዳ፣ የኋላ አክሱሉን የሚይዙት ዘንጎች ወለሉ ላይ የሚገቡበት ቦታ፣ ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን፤ እነዚህ ናቸው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ አስኪድ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (ከቀለም ሥር የሚለጠፍ መሙያ) ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በለው፣ ከገባ ላሜራው አልቋል። መፍትሔው ቆርጦ እስከ ጤናማው ብረት ድረስ መሄድና አዲስ ላሜራ መበየድ ነው፤ በላዩ ላይ መለጠፍ ውሃ ይይዛል። ስትበይድ በሮቹን ዝጋቸው፣ መሃሉን በክሪክ ደግፈው። ጣሪያ የሌለው መኪና ወገቡ የሚጸናው በዚያ ሳጥን ነው፤ ሳይደገፍ ከተቆረጠ ይታጠፍና በሮቹ አይገጥሙም።

ከሰኔ በፊት የሸራ ጣሪያው ሥር ያሉትን የውሃ ማስወረጃ ቱቦዎች በአየር ንፋቸው። በቅጠልና በአቧራ ሲዘጉ የክረምቱ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል፣ ምንጣፉ ከላይ ደርቆ ከሥር ይበሰብሳል። የኮፓውን (የሞተር ዘይት መያዣውን) ሥር በ3 ሚ.ሜ ላሜራ ከልልለት፤ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ትይዩ ቀዳዳ ተው፣ የፊቱን ጫፍ ወደ ላይ እጠፈው፣ አለዚያ ፒያሳ ያሉት የፍጥነት መቀነሻዎች ላይ እንደ ማረሻ ይነክሳል።


ቁልፍ 38

ለመንገዱ የዘይት ነገር ልጨምር። ለሞተሩ ሚነራል 20ደብሊው50። ለካምቢዮው 90 ቁጥር ጂኤል 4 ነው፣ ጂኤል 5 አይደለም። ጂኤል 5 የማርሽ ማስማሚያዎቹን ነሐስ ይበላል፣ ሁለተኛ ማርሽ መጮህ ይጀምራል። ጂኤል 5ን ለዲፈረንሻል አድርገው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጣሳ ስለሚመስሉ ጽሑፉን ራስህ አንብብ። ካምቢዮውን ስትሞላ መጀመሪያ የላይኛውን የመሙያ ብሎን ፍታ፣ ከዚያ የታችኛውን ማፍሰሻ። ቀድመህ አፍስሰህ የመሙያው ብሎን አልፈታ ካለ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ እዚያው ይቀራል።